የተሬፋ ዳዲ ሁለት ፊርማዎች

ተሬፋ ዳዲ በሕይወቱ ሦስት ጊዜ ክው ብሎ ቀርቷል። ሦስቱንም ጊዜ እንዲያ ያደረገው ሞት አይደለም፤ እሳትም አይደለም። ፊደል ነው።

የመጀመሪያው በ2007 ዓ.ም. ነበር። ተሬፋ ያን ጊዜ አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። አምቦ ውስጥ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በሒሳብ ሠራተኛነት አሥራ ስድስት ዓመት አገልግሎ ለፋይናንስ ኃላፊነት ተወዳደረና አንደኛ ወጣ። ስሙ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ባልደረቦቹ በግድ ለስላሳ አስገዙት። በሦስተኛው ቀን የሰው ኃይል ኃላፊው ቢሮው ጠራውና ወንበር እንኳ ሳያሳየው፣

«ኦቦ ተሬፋ፣ በጣም ይቅርታ። ዲግሪው የእርስዎ አይደለም» አለው።

«የማን ነው ታዲያ?»

«የአቶ ተፈራ ዳዲ።»

ተሬፋ መጀመሪያ ሳቀ። የሰውዬው ፊት ግን አልሳቀም። ነገሩ የቆየ ነው። አንደኛ ክፍል ሲገባ የመዘገበው አስተማሪ ተሬፋ የሚለው ስም ለጆሮው አልጥም ብሎት ይሁን ወይም እጁ የለመደውን ጽፎ፣ ሁለት ፊደል አቀያይሮ ተፈራ አደረገው። ልጁ ቤት ውስጥ ተሬፋ፣ ደብተር ላይ ተፈራ ሆኖ አደገ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ምስክር ወረቀቱ ዛሬም አለ፤ «ተፈራ ዳዲ፣ ሀገረ ሕይወት» ይላል። ሰውዬው ተሬፋ ነው፤ ሀገሬው ከተማውን የሚጠራው አምቦ እያለ ነው። እዚያች ወረቀት ላይ ሰውም ቦታም በቤት ስሙ አልተጠራም። ከተማው ውሎ አድሮ ስሙን አስመለሰ። ሰውዬው ግን ዲግሪውንም የማታ ተምሮ የያዘው በዚያው በተፈራ ነበር፤ መታወቂያውና የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ተሬፋ እያሉ።

ፍርድ ቤት ሄደ። ሦስት ሽማግሌዎች አስመሰከረ። ከሰባት ወር በኋላ «ተፈራ ዳዲ እና ተሬፋ ዳዲ አንድ ሰው መሆናቸው ተረጋግጧል» የሚል ውሳኔ ተሰጠው። ቦታው ግን ለሌላ ሰው ተሰጥቶ አድሯል። ውሳኔውን በላስቲክ አስለበደና ከቦርሳው አላወጣውም። ባለቤቱ ወርቅቱ ነርስ ናት፤ ቀልድ ትችላለች። «የሌላዋ ባል ሽጉጥ ይታጠቃል፤ የእኔው የፍርድ ቤት ውሳኔ» እያለች ጎረቤት ታስቅበታለች።

ከዚያ ወዲህ ተሬፋ ሰውን የሚያይበት ዓይን ተለወጠ። ሰው በደህናው ጊዜ ስሙን እንደ ቆዳው ለብሶት ይሄዳል፤ መኖሩንም አያስተውልም። አንድ ቀን የገፈፉት ግን ብርዱን ያውቀዋል። ተሬፋም የሰው ስም ተሳስቶ ሲያይ የገዛ ገላው የተጋለጠ ይመስለው ጀመር። የሠርግ ጥሪ ወረቀት ይመልሳል። የሱቅ ታፔላ ቆሞ ያርማል።

እግር ኳስ ውስጥ ያስገባውም ይኸው ነው እንጂ ኳስስ አያውቅም ነበር። በ2009 ዓ.ም. በከተማው ወንዝ የተሰየመው የሁሉቃ እግር ኳስ ክለብ ወረቀቶቹ ተዘበራርቀውበት «የሚያስተካክል ሰው አምጡልን» አለ። ተሬፋን አመጡለት። አሰልጣኙ ሰዲቅ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ከደቡብ መጥተው አምቦ የከተሙ፣ እሱ ግን አምቦ ተወልዶ ከአማርኛው ይልቅ ኦሮምኛው የሚቀናው። የተጫዋቾቹን ዝርዝር አምጣ ሲባል አንዲት የተጨማደደች ወረቀት አቀረበ፤ ቦምቤ፣ ካሜራ፣ ሽሮ፣ አባ ጨጓሬ፣ ድንች...

«ይሄ የተጫዋች ዝርዝር ነው ወይስ የአስቤዛ?» አለ ተሬፋ።

የመጀመሪያውን ጨዋታ አብረው ተቀምጠው አዩ።

«ያኛው ለምንድነው በእጁ የሚነካው?»

«ጋሼ፣ እሱ በረኛ ነው።»

«ስሙ ማነው?»

«በረኛ ነው አልኩህ እኮ!»

«ሥራውን አይደለም የጠየቅሁህ። ስሙን ነው።»

ሰዲቅ ስሙን አያውቀውም ነበር። ሁለት ዓመት አሰልጥኖታል። አፉን በእጁ ያዘ።

እንዲህ ሆኖ ተሬፋ የክለቡ ሒሳብ ሹም፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ፈቃደኛ ሲጠፋ ሥራ አስኪያጁ ሆነ። ዩኒየኑን ለቀቀ። ልምምድ ሜዳ ዳር ቆሞ ተጫዋቾቹን ከእነአያታቸው ስም ሲጠራ መንገደኛው ይስቅበታል፤ ልጆቹ ግን እንዲያ ሲጠሩ ቀና ብለው እንደሚሮጡ ሰዲቅ ሳይቀር መሰከረ። ጨዋታውን ቀስ በቀስ ለመደ። ኦፍሳይድ የገባው በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ሲገባው ግን ከማንም በላይ ገባው፤ የመስመር ጉዳይ ነዋ።

በዚያው በ2011 ከሸነን አንድ ረጅም አጥቂ መጣ። ጫልቺሳ ሌታ ይባላል። የቀበሌ መታወቂያው በቁቤ፣ ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ነው፤ በቁቤ ደግሞ «ጨ»ን የምታሰማው የላቲኗ «ሲ» ናት። ዝርዝሩን ለምዝገባ ወደ ፌዴሬሽኑ ላኩት። እዚያ ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ ቁቤ አያውቅም፤ ያቺን ፊደል እንደ እንግሊዝኛ አነበባትና «ካልቺሳ ሌታ» ብሎ በአማርኛ ገለበጠው። ተጫዋቹ ሜዳ የሚገባባት መታወቂያ፣ ቴሴራ የሚሏት፣ ፎቶው ተለጥፎባት በዚሁ ስም መጣች። ደጋፊው ይህን ሲሰማ ምን ይጠብቃል! በሳምንቱ ጫልቺሳ «ካልቾ» ሆነ። ኳስ በነካ ቁጥር ካልቾ! ካልቾ! ይባላል። ልጁ ዝምተኛ ነው፤ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል።

ተሬፋ ግን አላለፈውም። ይታረምልን ብሎ ሰባት ደብዳቤ ጻፈ። ለአምስቱ መልስ አልመጣም። ሁለቱ «በሚቀጥለው የምዝገባ ወቅት ይታያል» ተባሉ። ወቅቱ ይመጣል፣ ያልፋል፤ መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ካልቺሳ ካልቺሳ እንደሆነ ሦስት ዓመት ሞላው።

በ2014 ክለቡን የሚደጉሙት ሰዎች ቁርጡን ነገሩት። ዘንድሮ ወደ ላይኛው ሊግ ካላለፋችሁ ክለቡ ይዘጋል። ሃያ ሦስት ተጫዋች፣ ሰዲቅ፣ ማልያ የምታጥበው ሴትዮ፣ ሁሉም ይበተናል። ሰኔ ላይ ነገሩ በአንዲት ጨዋታ ተንጠለጠለ። አምቦ ላይ ነው፤ ማሸነፍ ብቻ ነው።

የዚያን ቀን ተሬፋ ሜዳው በር ላይ ቆሞ፣ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የተጫዋቾች ዝርዝር በጣታቸው እየተከተሉ ሲያነቡ አየ። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል የቆጠሩ ሰው አነባበብ ነው፤ ጣት ይቀድማል፣ ከንፈር ይከተላል። ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች ወረዱ። ከዚያ ዞር አሉና ወደ መናኸሪያው መንገድ ጀመሩ። ተሬፋ ተከትሎ ደረሰባቸውና በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቶ ጠየቃቸው።

«አባ፣ ጨዋታው ሳይጀመር ወዴት ነው?»

«ልጄ የለም» አሉ።

«ማነው ልጅዎ?»

«ጫልቺሳ። እኔ ሌታ ነኝ፣ ከሸነን። ሦስት ዓመት እዚህ ኳስ እጫወታለሁ ብሎኛል። ይኸው ዛሬ ልየው ብዬ ብመጣ ስሙ የለም። ለካ ሲዋሸኝ ኖሯል።» ድምፃቸው አልተቆጣም። አፍሮ ነበር።

ተሬፋ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ዝርዝሩ መለሳቸው። «ይኸው ዘጠኝ ቁጥር። ካልቺሳ ሌታ።»

«እሱ ማነው?»

«ልጅዎ ነዋ።»

ሽማግሌው ወረቀቱን አዩ፤ ተሬፋን አዩ። «ልጄ ጫልቺሳ ነው። ከእሱ በፊት ሁለት ቀብሬያለሁ። ይሄኛው ይብለጥልኝ፣ ይለፍልኝ ብዬ ነው ያወጣሁለት። ካልቺሳ ምን ማለት ነው?»

ምንም ማለት እንዳልሆነ፣ ከሆነም ርግጫ ማለት እንደሆነ ለአንድ አባት እንዴት ይነገራል? ተሬፋ እስክሪብቶውን አወጣና ግድግዳው ላይ ያለውን ሰርዞ «ጫልቺሳ» ብሎ ጻፈ። በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። አላበቃም። ለጨዋታው ኮሚሽነር የሚሰጠውን የአሰላለፍ ቅጽ ገና አልፈረመበትም ነበር፤ እሱም ላይ ዘጠኝ ቁጥርን አረመው።

«ጋሼ፣ ቴሴራው ላይ እንዲህ አይልም!» አለ ሰዲቅ።

«የተሳሳተው ቴሴራው ነው።»

«ዛሬ ነው እንዴ የምታርመው? ዛሬ?»

«አባቱ የመጡት ዛሬ ነው» አለና ፈረመ። ኮሚሽነሩ ፎቶውን አየ፣ የልጁን ፊት አየ፣ አሳለፈው።

በሰባ ስምንተኛው ደቂቃ ጫልቺሳ በጭንቅላቱ አገባ። አንድ ለዜሮ። ሕዝቡ ካልቾ! እያለ ሲጮኽ አንድ ሽማግሌ ብቻ በሌላ ስም ይጮኹ ነበር። ባጃጆቹ ጡሩምባቸውን እየነፉ እስከ ሁሉቃ ድልድይ ተሰለፉ። ሰዲቅ ተሬፋን ተሸክሞ ሊያነሳው ሞክሮ አቃተው፤ ሁለቱም ወደቁ።

በአምስተኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። ተሬፋ ቆሞ ነበር የሚያነበው፤ ሳያውቀው ተቀመጠ። የተሸነፈው ቡድን አቤት ብሏል። «በዘጠኝ ቁጥር የተሰለፈው ጫልቺሳ ሌታ በክለቡ ስም አልተመዘገበም። የተመዘገበው ካልቺሳ ሌታ በዕለቱ አልተሰለፈም። ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች በመሆናቸው ውጤቱ እንዲሰረዝ...» ሁለት የተለያዩ ሰዎች! ከሰባት ዓመት በፊት የተነገረው ቃል ነው፤ የዛሬውን የጠራው ግን የገዛ እጁ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ስህተት ሲያሳድድ የኖረ ሰው፣ ሃያ ሦስት ሰው የሚበትን ነገር የሠራው ልክ የሆነውን ጽፎ ነው። ወርቅቱ መጥታ ስታየው ቀልዱ ጠፋባት፤ የእጁን የደም ሥር ያዘች፣ እንደ በሽተኛ።

ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ አዲስ አበባ ተቀመጠ። ተሬፋ፣ ሰዲቅና ጫልቺሳ በሚኒባስ ሄዱ።

«ጋሼ» አለ ሰዲቅ የጊንጪን ከተማ እንዳለፉ፣ «የእጅ ስህተት ነው በል። አንዲት ቃል ናት። ወላሂ፣ ከዚያ በኋላ ምንም አልለምንህም።»

«ስህተት አልሠራሁማ።»

«አውቃለሁ! አለመሥራትህ ነው እኮ ገደል የከተተን።»

ጫልቺሳ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያይ ነበር።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሀብተሥላሴ የሚባሉ ሽበታም፣ ጨዋ ሰው ናቸው፤ የድሮ የፍርድ ቤት ዳኛ። መነጽራቸውን አውልቀው ለተሬፋ ነገሩን አቀለሉለት። «የጽሑፍ ግድፈት ከሆነ ደንቡ ይፈቅዳል፤ ታርሞ ውጤቱ ይጸናል። ሌላ ስም ከሆነ ግን ያልተመዘገበ ተጫዋች ነው። ቅጹን የሞሉት እርስዎ ነዎት። የትኛው ነው?» በር ከፍተውለት መቆማቸው ነበር።

ተሬፋ ተነሣ። ቦርሳውን ከፈተ። የልጁ የልደት ማስረጃ፣ የሰባቱ ደብዳቤዎች ግልባጭ፣ ሁሉም አለ። እውነቱን ሊናገር አፉን ሲከፍት ከኋላው ወንበር ተንኳኳ።

«ስሜ ካልቺሳ ነው» አለ ልጁ።

ተሬፋ ዞረ።

«ካልቺሳ ነኝ» አለ ጫልቺሳ እንደገና፣ ሰብሳቢውን እያየ። «ጋሼ ሲጽፉ ተሳስተው ነው።» ከዚያ ዓይኑን ወደ ተሬፋ መለሰ። ዓይኑ የሚያዝዝ አልነበረም፤ የሚለምን ነበር። ሃያ ሁለቱ ጓደኞቹ እዚያ ዓይን ውስጥ ተሰልፈዋል።

«አቶ ተሬፋ?» አሉ ሰብሳቢው። «ግድፈት ነው?»

ምን ይበል? ባለቤቱ የተወውን ስም ማን ይሟገትለታል? አንድ ሰው ገላውን አውልቆ ለጓደኞቹ ሲያለብስ፣ አቁም ለማለት ሌላው ምን ሥልጣን አለው?

«ግድፈት ነው» ሲል ድምፁን ሰማው። «የእኔ ግድፈት።»

ቃሉ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ቀረበለት፤ ጫልቺሳ የሚለው ስህተት፣ ካልቺሳ የሚለው ትክክል መሆኑን አረጋግጣለሁ ይላል። ፈረመ፤ ከፊርማው ሥር ስሙን ጻፈ። ግልባጩን ያየው መናኸሪያ ደርሶ ቦርሳው ውስጥ ሲከተው ነው። እዚያው ቆመ። ሰው እየገፋው ያልፋል።

ከፊርማው ሥር በራሱ እጅ፣ በጠራ ጽሕፈት፣ «ተፈራ ዳዲ» ይላል።

ስንት ዓመት ሙሉ ያልጻፈው ስም ነው። ማን ጻፈው? ሆን ብዬ ነው ወይስ እጄ ነው? ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ ዛሬም ድረስ አያውቀውም። ተሬፋ መዋሸት ቢያቅተው የሚዋሽለት ሰው ከውስጡ ጠርቶ ይሆን? በእንዲህ ያለ ሰዓት ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ የማያውቀው ተከራይ እንዳለ ይረዳል፤ መረዳቱም ያስፈራል።

ውጤቱ ጸና። ሁሉቃ ወደ ላይኛው ሊግ አለፈ። ከተማው እንደገና ጨፈረ።

ተሬፋ ወደ ሸነን ሄደ። ሌታን ደጃቸው ላይ አገኛቸው፤ ያደረገውን ሳይደብቅ ነገራቸው።

«ልጄ ስልክ ደውሎ ነግሮኛል» አሉ ሽማግሌው። «አልተቆጣሁትም። አንተ ግን ለራስህ ስም ሦስት ሰው አስመስክረሃል አሉ። ለእሱ ማን ይመሰክርለታል?»

ጥቅምት ላይ ተሬፋ ከሥራ አስኪያጅነቱ ለቀቀ፤ በሳምንቱ ጫልቺሳን ይዞ፣ የቴሴራው ስም እንዲታረም፣ አምቦ ፍርድ ቤት የስም ማስተካከያ አቤቱታ አስገባ። ሰዲቅ ሲሰማ እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ፣ አብደሃል? ክለቡን ልታስቀጣው ነው?»

«ደንቡን አንብቤዋለሁ። የይግባኙ ጊዜ አልፏል፤ ውጤቱን ማንም አይነካውም። የሚቀጣው በሐሰት የፈረመው ሰው ብቻ ነው።»

«የፈረመው ሰው እኮ አንተ ነህ!»

ተሬፋ ቦርሳውን አንሥቶ ሄደ።

በቀጠሮው ቀን ሌታ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል፤ ጫልቺሳ አጠገባቸው። ሦስተኛው ምስክር ሆኖ ተሬፋ ቀረበና ማለ። ዳኛዋ ገና ወጣት ናት። መዝገቡን እያገላበጠች በኦሮምኛ ጠየቀችው።

«ይሄን የኮሚቴ ወረቀት ከአቤቱታው ጋር ያያያዘው ማነው?»

«እኔ ነኝ። የጉዳዩ ሰነድ ስለሆነ።»

«ጫልቺሳ የሚለው ስህተት ነው ይላል። እርስዎ ደግሞ አሁን ትክክል ነው ብለው ማሉ።» ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አቀረበችው። ግንባሯ ተኮማተረ። «ቆይ... የፈረመው ተፈራ ዳዲ ነው። እርስዎ ተሬፋ ነዎት። ይሄ ሌላ ሰው ነው?»

ተሬፋ የተከፈተውን በር አየው። ሁለተኛ ጊዜው ነው እንዲህ ያለ በር ሲከፈትለት፤ ይሄኛው ከፊተኛው ይሰፋል። አዎ ካለ ውሸቱ ባለቤት አይኖረውም። በ2007 እንዲያ ያዋረደው ፊደል ዛሬ ሊያድነው እጁን ዘርግቷል።

ቦርሳውን ከፈተ። በላስቲክ የተለበደውን ውሳኔ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«አንድ ሰው መሆናቸው በዚሁ ፍርድ ቤት ተረጋግጧል» አለ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ዳኛዋ ውሳኔውን አነበበች፤ ቀና ብላ አየችው። ከአግዳሚው ላይ የሌታ ትንፋሽ ተሰማ። ጫልቺሳ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። መዝገብ የምትጽፈው ልጅ ብቻ መተየቧን ቀጠለች፤ ጫልቺሳ፣ «ጨ» ተብላ በምትነበበው በቁቤዋ «ሲ»።

ወሬው አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ተሬፋ ከማንኛውም የእግር ኳስ ሥራ ዕድሜ ልኩን የታገደበት ደብዳቤ በፖስታ መጣ። ወርቅቱ ፖስታውን ገልብጣ አየችና ከብዙ ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

«ተመልከት ይሄን! ለአቶ ተፈራ ዳዲ ይላል። ያንተ አይደለም፣ መልስላቸው!»

ተሬፋ ተቀበላት። መነጽሩን አደረገ፤ ስሙ ላይ ቆየ። እጁ በልማድ ወደ ደረት ኪሱ፣ ወደ እስክሪብቶው ሄደ። ከዚያ ባዶውን ተመለሰ።

«የእኔ ነው» አለና ፖስታውን ከፈተው።